ንፍሮ የጫነች መንኮራኩር

ልጄ ዐሥራ ስድስት ዓመት በሞላት ዓመት፣ ቅጠሉ ረግፎ በረዶው ሳይጀምር፣ ሳሎናችን ውስጥ መንኮራኩር ሠራች።

አካሏ የፍሪጅ ካርቶን ነው። ታች ያለው ጎረቤታችን አዲስ ፍሪጅ ሲያስገባ ለምና ያመጣችው። ቆዳዋ የኔ ፎይል ነው፤ ለገና ብዬ ያስቀመጥኩትን ጥቅል ሁሉ ጨረሰችው። ከሶፋው እስከ ቴሌቪዥኑ ስለምትደርስ፣ ቴሌቪዥን ማየት የፈለገ ሰው በመስኮቷ አሻግሮ ማየት ነበረበት። እኔ ብዙ አላይም። ልጄ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ ቁጭ ብላ ካርቶን ስትቆርጥ አየሁና ጌታን አመሰገንኩ።

«ምንድን ናት ይቺ?» አልኳት።

«ሰው ልታድን የምትመጣ ናት።»

እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ቤታችን እንዲህ ነው። እንግባባለን፣ ተመስገን።

«ማንን ነው የምታድነው?»

«ዳኮታዎቹን።»

ነገሩን ያን ቀን አጫወተችኝ። ሚኒሶታ የዳኮታዎች አገር ነበር። በድሮ መጻሕፍት «ሱ» እየተባሉ የተጻፉት ሕዝብ ናቸው። ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት መሬታቸው ተወሰደ፣ ቃል የተገባላቸው ቀለብ ቀረ፣ ተራቡ፣ ጦርነት ሆነ፣ ተሸነፉ። በገና ማግስት ማንኬቶ በምትባል ከተማ ሠላሳ ስምንት ወንዶች በአንድ መስቀያ፣ በአንድ ቅጽበት ተሰቀሉ። ሴቶቹ፣ ልጆቹና ሽማግሌዎቹ ያን የበረዶ ወራት ፎርት ስኔሊንግ፣ ከምሽጉ በታች ወንዝ ዳር፣ በአጥር ተከልለው ከረሙ። ብዙዎቹ እዚያው ሞቱ።

«የቱ ፎርት ስኔሊንግ?»

«ማሚ፣ መኪናሽን የምታቆሚበት።»

የምሠራው ኤርፖርት ነው፤ ሳንድዊች እሸጣለሁ። የኤርፖርት ፓርኪንግ አይቀመስም። ስለዚህ ከምንኖርበት ከሆፕኪንስ እነዳና መኪናዬን ፎርት ስኔሊንግ ባቡር ጣቢያ በነፃ አቁሜ፣ የቀረችውን መንገድ በባቡር እሄዳለሁ። ቦታውን ያሳየችኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተሩን ባጠፋሁ ቁጥር አንዲት ጸሎት አደርሳለሁ። «ጌታ ሆይ፣ ስለዚህ ቦታ አመሰግንሃለሁ።» በበረዶውም በፀሐዩም ብያታለሁ።

ልጄ ከነገረችኝ በኋላ በነበረው ሰኞ ሞተሩን አጠፋሁና አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ቁልቁል ወደ ወንዙ ተመለከትኩ፤ የሚታየው ዛፍ ብቻ ነው። ሥራ ረፈደብኝ።

መንኮራኩሯ ለቴአትር ናት፤ ቴአትሩን የምትጽፈው ከጓደኛዋ ጋር ነው። ጓደኛዋ ዳኮታ ናት፤ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ነው ያደጉት። በሁለቱ ድርሰት ታሪኩ ሌላ ነው። ገመዱ አንገት ውስጥ ሊገባ ሲል ከመጪው ዘመን መንኮራኩር ትመጣና ሠላሳ ስምንቱንም አፍሳ ትወስዳለች። ከዚያ ወዲያ ሁሉ ነገር ይለወጣል። አገሩ የዳኮታ እንደሆነ ይቀራል። ዛሬ እንደኛ ከኢትዮጵያ የሚመጣውን ሰው ኤርፖርት ላይ የሚጠይቀው የዳኮታ ሹም ነው።

«ስደተኛዋን የምትጫወቺው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«ምን ሆኜ?»

«ራስሽን ሆነሽ።»

«ራሴን ለመሆን ልምምድ ያስፈልገኛል?»

«አዎ። ቅዳሜ ቅዳሜ።»

ተለማመድን። ልጄ ሹም ሆና ከምግብ ጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠች። እኔ የገበያ ቦርሳዬን እንደ ሻንጣ ይዤ ከመታጠቢያ ቤቱ በኩል መጣሁ።

«የየትኛው ወንዝ ልጅ ነሽ?»

«ያደግኩት በቧንቧ ውሃ ነው።»

«ወደ መጣሽበት ተመለሽ።»

የገዛ ልጄ ከገዛ ሳሎኔ አባረረችኝ። ተመልሼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። በሳቅ ነበር የገባሁት። በዚያ ሰሞን ቤታችን ብዙ ይሳቅ ነበር።

ከዚያ የጓደኛዋ ሴት አያት ቴአትሩን «አይሆንም» አሉ።

የልጅ ልጃቸው «ኡንቺ» ትላቸዋለች፤ በቋንቋቸው አያቴ ማለት ነው። ልጄም ኡንቺ ነው የምትላቸው። ሴንት ፖል ባለው አፓርታማቸው የበቆሎ ሾርባቸውን እየጠጣች ነው ያደገችው። የአያታቸው አባት ከሠላሳ ስምንቱ አንዱ ነው። እሳቸው እሺ ካላሉ ጓደኛዋ አትጫወትም፤ ጓደኛዋ ካልተጫወተች ቴአትር የለም። ቴአትሩ የሚታይበት የላይብረሪ አዳራሽ ግን ተይዟል።

ልጄ መንኮራኩሯ ውስጥ ገባችና አልወጣም አለች። ምሳዋን በመስኮት አቀበልኳት። ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ። ልቤ ትንሽ ተረጋጋ፤ የሚበላ ሰው ተስፋ አለው።

«ምን አሉሽ?» አልኩ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብዬ።

«‹ለኛ መርከብ መጥቶልን ያውቃል› አሉኝ።»

ያልነገረችኝን ያኔ ነገረችኝ። በረዶው ሲቀልጥ፣ ከፎርት ስኔሊንግ የተረፉትን በእንፋሎት መርከብ ጭነው ከአገራቸው አስወጧቸው። የኡንቺ አያት በእናቱ ጀርባ ላይ ያለ ሕፃን ነበር።

«እኔ ደግሞ መርከብ ሠራሁላቸው» አለች ልጄ። «በፎይል።»

«ይቅርታ ጠይቂያቸዋ።»

«ጠየቅኩ። ‹ችግር የለም› አሉኝ። ግን በሩን ሲከፍቱልኝ አያዩኝም። ግድግዳ ግድግዳውን ነው የሚያዩት። ማሚ፣ ቴአትሩ ይቅር። እንደ ድሮው እንዲያዩኝ ነው የምፈልገው።»

ያቺን የመጨረሻዋን በአማርኛ ነው የተናገረችው።

ትንሽ አሰብኩ።

«ለቅሶ ደርሰናቸዋል?»

«ምን?»

«የአያታቸው አባት ተሰቅሎ፣ ለቅሶ ደርሰናል ወይ?»

«ማሚ፣ መቶ ስድሳ ዓመት አልፎታል!»

«ሰምተን ነበር?»

«አልሰማንም።»

«አሁን ሰማን።»



አደይ ጋ ደወልኩ። አደይ ኒው ሆፕ የምትኖር ኤርትራዊት ናት፤ አስመራ በአማርኛ የተማረች፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሠርታ ጡረታ የወጣች። ስሟ አይደለም፤ በሷ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው፤ እንደ እናት ስለሆነችም አንቺ ነው የምንላት። ሙስሊም ናት። ለሐሙስ ጸሎታችን አትመጣም፤ ለቅሶ ሲሆን ግን የጸሎት ቡድኑን ሴቶች በቫኗ የምትወስደን እሷ ናት።

«ማን ሞተ?» አለች ስልኩን እንዳነሣች።

«ሠላሳ ስምንት ሰው።»

«ያ ረቢ! መቼ?»

ነገርኳት። ልትስቅብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«እና እስካሁን ሳትደርሺ ቁጭ ብለሻል?» አለችኝ።

«ዘገየች ይሉኛል ብዬ…»

«ጓለይ፣ ልጄ፣ የሚሻግተው ንፍሮ ነው፤ ለቅሶ አይሻግትም። ቅዳሜ እመጣለሁ። ስንዴውን ቀደም ብለሽ ዘፍዝፊ።»

ስንዴና ሽምብራ በትልቁ ድስት ቀቀልኩ። ከጸሎት ቡድናችን የአፕል ቫሊዎቹ ሁለት እህትማማቾች መጡ። ለማን እንደሚያለቅሱ የነገርኳቸው ቫኑ ውስጥ ነው። ታናሽየዋ «ሠላሳ ስምንት» የሚለውን ስትሰማ እዚያው ጀመረች።

«ለቤቱ አቆዪው» አለቻት አደይ ከመሪው ላይ።

ነጠላችንን አዘቀዘቅን። ልጄ ድስቱን ታቅፋ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። «መደወል ነበረብን» ትላለች። «ማሚ፣ እዚህ አገር ሰው ቤት ሲኬድ ይደወላል።»

«ለቅሶ ተደውሎ አይኬድም» አልኳት። «አትምጡ ቢሉንስ?»

በኛ ደንብ ለቅሶ የሚጀመረው ከበር ነው። እኛ ከኮሪደሩ ጀመርን። ከኡንቺ በር ትይዩ ያለው በር ትንሽ ተከፈተና ተዘጋ። ኡንቺ ከፈቱ። ደቃቃ ሴት ናቸው፤ ነጭ ጸጉራቸውን በአንድ ጎንጉነው፣ የቤት ሹራብ ደርበዋል። ፊት ለፊታቸው አራት ሴቶች ያለቅሳሉ፤ አምስተኛዋ ከድስት ኋላ ተደብቃለች። ለአፍታ አዩን። ከዚያ በሩን ወለል አደረጉልን።

የበረዶ ጫማችንን በር ላይ አወለቅን፣ ገባን፣ ተቀመጥን፣ አለቀስን።

ኡንቺ ሰው የሞተብን እኛ መስለናቸው ነበር። የአደይን እጅ ይዘው አጠገቧ ተቀመጡ። ለእህትማማቾቹ ሶፍት አቀበሉ። የኔን ጀርባ ዳበሱ። ለቅሶ ሄጄ የለቅሶው ባለቤት ሲያጽናናኝ የመጀመሪያዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ተጽናናሁ።

በመጨረሻ ልጄን ጠየቋት፤ ግድግዳውን እያዩ። «ማን ሞተባችሁ?»

ልጄ ወደኔ ዞረች። «ንገሪያቸው» አልኳት።

«እናቴ የመጣችው… ስለ አያትዎ አባት ነው» አለች። «ይቅርታ፣ ኡንቺ። አሁን ነው የሰማችው።»

እንግሊዝኛዬ የሥራ እንግሊዝኛ ነው፤ ሳንድዊች ይሸጣል እንጂ ለቅሶ አይችልም። በአማርኛ ተናገርኩ፣ ልጄ አስተላለፈችልኝ። ያልኩት ማንም ዘግይቶ የደረሰ ሰው የሚለውን ነው። ሳልሰማ ቀርቼ ነው። እዚሁ እየኖርኩ፣ መኪናዬን እዚያው እያቆምኩ፣ ሳልሰማ ቀረሁ። ጌታ ያጽናናችሁ።

ኡንቺ ተነሥተው ወደ ማእድ ቤት ገቡ። ቁም ሳጥን ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል።

«አስቀየምናቸው» አለች ልጄ በጆሮዬ።

«አልቅሺ አንቺ» አለቻት አደይ።

ይሄኔ የውጭው በር ተበረገደ። አንድ ግዙፍ ሰውዬ ኮቱን ሳይቆልፍ፣ በረዶውን ሳያራግፍ ገባ። የኡንቺ ልጅ ነው። ትይዩ ያለችው ጎረቤት ናት የደወለችለት፤ «ነጭ የተከናነቡ ሴቶች እያለቀሱ እናትህ ቤት ገብተዋል» ብላ። በር ላይ የተኮለኮለውን ጫማ አየ። እኛን አየ። የእናቱን ባዶ ወንበር አየ።

አደይ ብድግ አለች። መጦሪያ ቤት ስትሠራ ለቤተሰብ የሚባለውን ጠንቅቃ ተምራለች። ሁለት እጁን ያዘችና በጥሩ እንግሊዝኛ «በሐዘናችሁ አዝነናል። አሁን ዐርፈዋል» አለችው።

ሰውየው እዚያው ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እህትማማቾቹም አዲስ ለቀስተኛ ሲገባ እንደሚደረገው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ልጄ «ኖ፣ ኖ፣ ኖ» ትላለች፤ የሚሰማት የለም።

ኡንቺ ኩባያ የተደረደረበት ትሪ ይዘው ብቅ አሉ።

«አንተን ደግሞ ማን ሞተብህ?» አሉት።

ቀና ብሎ አያቸው። አፉ እንደተከፈተ ቀረ። መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኡንቺ ትሪውን አስቀምጠው፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አደይ «ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ እናትህ መሆናቸውን መች አወቅኩ» እያለች እጁን አልለቅም አለች። እሱ በሌላው እጁ የእናቱን ሹራብ ጫፍ ይዟል። ያንንም አልለቀቀም።

ንፍሮው ቀረበ። ኡንቺ አንድ እፍኝ ቀመሱ።

«ሾርባው የት ሄደ?»

«ሾርባ የለውም» አልኩ።

«የኛን በቆሎ ይመስላል። ሾርባው የጠፋበት።» ደግመው አፈሱ።

ሁላችንም በላን። እየበላን ሳለ ኡንቺ ማንንም ሳያዩ ተናገሩ።

«ያን ቀን ማንኬቶ ብዙ ሕዝብ መጥቶ ነበር። የመጣው ሊያይ ነው። ሊያለቅስ የመጣ ጎረቤት አልነበረም።»

ልጃቸው ማኘኩን ተወ።

«መንኮራኩርሽ ትምጣ» አሉ። «ግን ከኛ ሰው አንድም አትጭንም። አንድም። እነዚህን ታምጣ።» በጣታቸው እኛን አመለከቱ። «ገመዱ ሳይገባ፣ ከነድስታቸው።»

«እሺ፣ ኡንቺ» አለች ልጄ።

አሁንም የሚያዩት ግድግዳውን ነበር።

የስደተኛዋ ክፍል ተሰረዘ። ራሴን መሆኔ ቀረና ለቀስተኛ ሆንኩ፤ እሷም እኔው ነኝ። ልምምዱ ሳሎናችን ውስጥ ስለሆነ ኡንቺ ይመጡ ጀመር። ሻያቸውን ይዘው ሶፋው ላይ ይቀመጡና ቴሌቪዥኑን በመንኮራኩሯ መስኮት ያያሉ። ሰቃዩን ወታደር የሚጫወተው ልጃቸው ነው። አደይ ተቃውማ ነበር። «እናቱ ባለመሞቷ እንዲያ የተደሰተ ሰው እንዴት ክፉ ይሆናል?» አለች። ሌላ ወንድ ግን አልተገኘም።

አዲሱ ታሪክ እንዲህ ነው። መንኮራኩሯ ትወርዳለች። አራት ሴቶች ንፍሮ ይዘው ይወጣሉ። ወታደሩ «ምን ፈለጋችሁ?» ይላል። «ለቅሶ» እንላለን። «ማንም አልሞተም እኮ፤ ገና ነው» ይላል። እኛ መስቀያው ሥር እንቀመጣለን። ወታደሩ ማለፊያ ያጣል። እንግዳ ተቀምጦ ሰው አይሰቀልም። ከዚያ የኡንቺ የልጅ ልጅ፣ ያን የተሰቀለ የአያታቸውን አባት ሆና፣ ከመስቀያው ወርዳ ከኛ ጋር ንፍሮ ትበላለች። የመጨረሻው ቃል የኔ ነው። «ማንም አልሞተም። ተመስገን።»

«ተመስገን» አልቸገረኝም። ዕድሜዬን ስለው የኖርኩት ነው። የፊተኛዋን ግን በልምምዱ ሁሉ ዋጥኳት። በልጆች ፊት፣ በጌታ ፊት እንዴት ብዬ ልዋሽ? ጸለይኩበት። መልስ አልመጣም።

«ለምን አትዪውም?» አሉ ኡንቺ።

«እውነት አይደለም» አልኩ፣ በዚያችው በሳንድዊች እንግሊዝኛዬ።

«ካንቺ በፊት ነው የማውቀው።»

«ታዲያ?»

«አንድ ቀን በጆሮዬ ልስማው።»

የቴአትሩ ቀን በረዶ ጣለ። የመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ የሐሙስ ጸሎት ሴቶች፣ የኡንቺ ዘመዶች፣ የልጆቹ አስተማሪ፣ ከበረዶው ሊጠለል የገባ አንድ ሰው። አራታችን አንድ የፍሪጅ ካርቶን ውስጥ ተጣበቅን። የአደይ ጉልበት ጎኔን ወግቶኛል።

«መቶ ስድሳ ዓመት ወደ ኋላ እንዲህ ታጥፌ?» አለች፤ ድምጿ እስከ መጨረሻው ወንበር ተሰማ። ስንወጣ የፎይሉ ግማሽ አብሮን ወጣ።

«ምን ፈለጋችሁ?» አለ ወታደሩ። ሳቁን አፍኖ ነው።

«ለቅሶ» አልን።

«ማንም አልሞተም እኮ፤ ገና ነው።»

አደይ ከተጻፈው ወጣች። «እሰይ! ለአንድ ቀን እንኳ በሰዓቱ ደረስን» አለች። «ወግድ፣ ልቀመጥበት።»

ተቀመጥን። ወታደሩ በግራ ሞከረ፣ በቀኝ ሞከረ። ታናሽየዋ እህት ሁለት እጁን ሙሉ ንፍሮ አፈሰችለት፤ ገመዱን የሚይዝበት እጅ አጣ። ይህም አልተጻፈም ነበር። ቆሞ በላው። የኡንቺ የልጅ ልጅ ከላይ ወረደች፣ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ከድስቱ አፈሰች። ልጄ ከመጋረጃው ጥግ ታየኛለች። ኡንቺ ፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው።

ተነሣሁ።

«ማንም አልሞተም» አልኩ።

ኡንቺ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ተመስገን» ማለት ነበረብኝ። ከአፌ ጠፍቶ የማያውቅ ቃል ያን ጊዜ ጠፋ። ድስቱን ይዤ ቆምኩ። አደይ ነጠላዬን ጎተተች።

ኡንቺ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ከወንበራቸው አሉልኝ። ከልምምዱ ለምደውታል።

«ተመስገን» አሉ፣ በአማርኛ።

ሰው ሲበተን ልጄ ወንበር ታነሣ ነበር። ኡንቺ መንገዷ ላይ ቆሙ። አገጯን ይዘው ቀና አደረጓትና ቀጥ ብለው አዩዋት፤ ብዙ አዩዋት።

«ከስተሻል» አሏት። «ቅዳሜ ሾርባ አለ። እናትሽ ንፍሮዋን ታምጣ፤ ሾርባውን እኔ እሰጠዋለሁ።»

ሰኞ ጠዋት መኪናዬን እዚያው ፎርት ስኔሊንግ አቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። ስለ ቦታው ምንም አላልኩም። ኡንቺ ልጄን ስላዩልኝ አመሰገንኩ። ከዚያ ባቡሩ መጣ።